ባትሪ የምትሞላዋ የሺመቤት

የሺመቤት አምደወርቅ ከተማ ተወልዳ ሰቆጣ የገባችው ጓንጉልን አግብታ ነው። ጓንጉል ከአባቱ ግቢ በር አጠገብ፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የባጃጅና የሶላር ባትሪ ይሞላ ነበር። በመጀመሪያ ምሳ ልታደርስለት ትሄድ ነበር፤ ኋላ አሲድ ስታቀብለው፣ ገመድ ስታገናኝለት ሥራውን ለመደች። እሱ በኩላሊት ሕመም ሲደክም ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ ወደቀ።

አንድ ቀን አሲድ ተፈናጥቆ ቀኝ ክንዷን እስከ ክርኗ አቃጠላት። አማቷ አልቅሰው ተዪው ቢሏትም፣ ቁስሉ ሲሽር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲከርም በሶላር ትሞላ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ባትሪውን ተሸክሞ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነበር።

ጓንጉል ሞተ። አርባው እንደወጣ ዋርሳዋ ካሤ የክፍሉን ቁልፍ ጠየቃት። አሲድ የሴት ሥራ እንዳልሆነ፣ ሙያውም ከወንድሙ ጋር መቀበሩን ነገራት። የሺመቤት ቁልፉን አልሰጥም አለች። እሱም ሽማግሌ ሰበሰበ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ከክፍሏ ደጃፍ ተቀመጡ። የሸንጎው አፈ ጉባኤ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ካሤ ክፍሉ የአባቱ መሆኑን፣ እሷም ሟች ሲሠራ ዕቃ ከማቀበል ያለፈ እንዳልሠራች አስረዳ።

"መሪጌታ፣ ስለ ክፍሉ አልከራከርም፤ የአባታቸው ነው" አለች የሺመቤት። "አላውቅም ለተባለው ግን መልስ አለኝ።"

አንዷለም የተባለ የባጃጅ ሾፌር ገዝቶ እንድትሞላለት የተወላትን አዲስ ባትሪ አወጣች። ባትሪው ከፋብሪካ ደርቆ የመጣ፣ ጠብታ ፈሳሽ የሌለበት ነው። ሁለቱን ጫፎች በገመድ ከአምፖል ጋር አገናኘች። አምፖሉ አልበራም። ገመዱን ፈትታ ጓንቲዋን አጠለቀችና፣ በውኃ የተበረዘውን አሲድ በቀዳዳዎቹ በቀስታ አፈሰሰች። አሲዱ ሰርጎ ሲገባ ገመዱን መልሳ አገናኘችው፤ በጠራራው ፀሐይ እንኳ አምፖሉ ቦግ ብሎ ታየ።

"ምን አደረግሽው ልጄ?" አሉ መሪጌታ።

"ውስጡ ሁለት ዓይነት የእርሳስ ሉሕ አለ፤ ለብቻው ሥራ ፈት ነው። አሲድ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ይበታተንና ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ነገሮች ይወጡታል። በሉሖቹ መካከል የሚሄዱት እነሱ ናቸው። አሲዱ ሉሖቹን ሲበላቸው ደግሞ ኤሌክትሪኩ በገመዱ እየተገፋ አምፖሉን ያበራል። አሲዱ ሲደክም ባትሪውም ይደክማል፤ ስንሞላው ኃይሉ ይመለሳል።"

ካሤ ይኼማ ማፍሰስ ነው፣ ማንም ያፈሰዋል አለ። የሺመቤት ሌላ ደረቅ ባትሪ አቅርባ የአሲዱን ማፍሰሻ ወደ እሱ ዘረጋች።

"እንግዲያው ይኼን አንተ ሙላው።"

ካሤ ጠባሳ የሸፈነውን ክንዷን አየ። እጁን አልዘረጋም።

ሽማግሌዎቹ በኽምጣኛ ለረጅም ጊዜ ተመካከሩ። የሺመቤትም ቋንቋው ቋንቋዋ ነውና ሁሉንም ሰማች፤ ግማሾቹ ሴት ልጅ ከአሲድ ጋር መዋሏ አላስደሰታቸውም ነበር። በመጨረሻ ክፍሉ ለአባት ቤት፣ ዕቃው ለእሷ እንዲሆን ፈረዱ። መሪጌታ ለብቻዋ ጠርተው፣ ዕቃውን ሸጣ ሌላ ንግድ ብትጀምር እንደሚሻል መከሯት።

"ምክርዎን አከብራለሁ፣ ግን አልሸጥም" አለቻቸው።

ያን ዕለት ዕቃዋን በጋሪ ጭና መንገዱን ተሻገረች፤ ከፊት ለፊት ቆርቆሮ የለበሰች ዳስ ተከራየች። አንዷለም የመጀመሪያ ደንበኛዋ ሆነ። ሌሎቹ ባጃጅ ነጂዎች ግን እሷ ዘንድ ለመምጣት ወራት ፈጀባቸው። አንዳንዱ አሁንም ዳሱ ሥር ጎንበስ ብሎ ባለሙያው የት ሄደ ይላል። ባለሙያው እኔ ነኝ ትለዋለች፤ ካላመነ ባትሪውን ይዞ እንዲሄድ ታደርገዋለች እንጂ አትለምንም።

የጓንጉል ክፍል ዛሬ ልባሽ ልብስ ይሸጥባታል። ካሤ በየጠዋቱ በዳሷ ፊት ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። እሷ ግን ገና ሲመጣ ከመቀመጫዋ ትነሣና፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ "እንዴት አደርክ ካሤ" ትለዋለች። እስካሁን አልመለሰላትም።