ከጣና የመጣው ሞተር

ደብረ ማርቆስ ላይ የምሠራ መካኒክ ነኝ። የጀልባ ሞተር ይመጣልኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ከይጁቤ የመጡ አንድ አዛውንት፣ ከአንድ ዝምተኛ ጎልማሳ ጋር ተጋግዘው፣ ጉልበተኛ የፈጣን ጀልባ ሞተር ጋራዤ ውስጥ አስቀመጡ።

«የልጄ ነው» አሉኝ አዛውንቱ። «ጣና ላይ ማዕበል ሲነሳ ሞተሩ ቆመበት፤ ልጄም በዚያው ቀረ። ፈትተህ አድስልኝ፤ ነጭ ቀለምም ቀባልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ለምን እንደቆመ እወቅልኝ።»

ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። የተሰነጠቀውን ፒስተን ቀየርኩ፣ ዝገቱን ፍቄ ቀለም ቀባሁት፣ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሬም አስነሳሁት። ሁለቱ ሰዎች ሊወስዱት ሲመጡ አዛውንቱ ቀለሙን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«የሰው እጅ አለበት?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። የጎልማሳውም ፊት አመድ መሰለ። አሮጌውን ፒስተን አምጥቼ ስንጥቁን አሳየኋቸው።

«የለበትም አባባ። ብረቱ ራሱ ከውስጥ ነው የተሰነጠቀው።»

«ማልልኝ።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

ፒስተኑን ተቀብለው ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ እኔ ዘመዳቸው ይመስለኝ ከነበረው ጎልማሳ እግር ላይ ወደቁ።

«ሞተሩን መጨረሻ ላይ የነካኸው አንተ ስለነበርክ፣ ሆን ብለህ ያበላሸኸው መስሎኝ ነበር» አሉት። «ሽማግሌ ገብቶ ‹መጀመሪያ መካኒክ ይየው› ባይል ኖሮ ገድዬህ ነበር። ይቅር በለኝ።»