ዋስ ነኝ ብዬ ነበር

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ቁጣዬን፣ ሐሜቴን እዘረዝርና ይቺን እዘላታለሁ። ዛሬ ለማያውቁኝ ለእርስዎ ልናገር።

አዲሱ ገበያ አካባቢ የምንጠቀምበት ማኅበራዊ መረብ አለ። የበላይ ኩባንያ የለውም፤ የሰፈራችን ልጆች በራሳቸው ኮምፒውተር ያስተዳድሩታል። ስልክዎ ላይ ምን እንደሚመጣ የሚወስነው የሚያምኑት ሰው ነው። እኔን ካመኑ፣ እኔ ያመንኩት ሰው የጻፈውም ይደርስዎታል። ልጆቹ የማመኛዋን ቁልፍ በአማርኛ «ዋስ ነኝ» አሏት። ዋስ መሆን በእኛ አገር ቀልድ ነው እንዴ? ፍርድ ቤት ቢሆን ስንቴ አስብበት ነበር!

ጎረቤቴን እትዬ አስካለን መረቡ ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከእኔ በቀር ለማንም ዋስ አልሆኑም፤ «አንተ ካለህልኝ ሌላው ምን ያደርግልኛል» አሉኝ። እኔም ኮራሁ።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ የባህል ሐኪም ነኝ ባይ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ዋስ ሁነኝ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይሉኝታ ያዘኝ። አንድም ጽሑፉን ሳላነብ ቁልፏን ተጫንኩለትና ወደ ንፍሮዬ ተመለስኩ።

ሰውየው «መርፌ ተዉ፣ የእኔን ቅጠል ጠጡ» ብሎ ይጽፍ ኖሯል። እትዬ አስካለ ኢንሱሊናቸውን ተዉ። ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ ሲባል ክው አልኩ። ጽሑፉን ከፍቼ ያየሁት ገና ያኔ ነው፤ ከላዩ ላይ የዋሱ ስም፣ የእኔ ስም ተጽፏል። ዋስነቴን አነሳሁ። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው? አይደለም፣ ስሜ እንዳይታይ ነው። ጽሑፉም በእኔ በኩል የመጣ ነበርና ከእሳቸው ስልክ ላይ ድራሹ ጠፋ።

ሲነቁ አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ፤ «ስልኬ ላይ አንብቤ ነው፣ ዋሱም እሱ ነው» አሉ ወደ እኔ እያዩ። ልጃቸው ስልኩን ብትፈትሽ ምንም የለም። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ አይተሃል?»

«ኧረ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም» አልኩ። አልኩ! በዚሁ አፌ። በቃ፣ እማዬ ጃጅታለች ተባለ። ስልካቸውን ተቀሙ፣ የቤት ቁልፋቸውንም ተቀሙ። ቁስቋም ለመሳለም እንኳ ካለ ሰው አይወጡም። ለቅሶ ቤት ይሉኝታ ያዘኝ ልበል፤ እዚያ አልጋ አጠገብ ምን ያዘኝ?

በቀደም ልጠይቃቸው ሄድኩ። እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ያላነበብኩትን አነበብኩ እያልኩ ስምህን አስነሳሁ። እርጅና ነው፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ። እሳቸውም አምነውታል!

ደነገጥኩ፤ አሁንም እንደደነገጥኩ ነኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና፣ «ይቅር ለእግዜር» አልኳቸው።