ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ

ገመዴ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። የምክር ቤቱ ትልቁ በር ይሁን፣ የባንክ በር ይሁን፣ የራሱ የጎሚስታ ሱቅ የቆርቆሮ በር እንኳ ይሁን፣ ክንዱን የያዘችውን ሴት ጀርባዋን በመዳፉ ነካ አድርጎ ወደ ፊት ያሳልፋትና እሱ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ይከተላል። ዓይነ ስውር የሚመራ ሰው ጠባብ በር ላይ ራሱ መቅደም እንዳለበት የማያውቅ የለም። ገመዴም ያውቃል፤ እንዲያውም ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀድሟት በር አልፎ አያውቅም። በዚህ የተነሳ ሽውታ ትከሻዋን ከስንት መቃን ጋር እንዳጋጨች ቤት ይቁጠረው። “ለምን?” ብላ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችውም። ለምን እንደሆነ ታውቃለቻ!

ሽውታ የሩጫ ዘመን ስሟ ነው። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ግቢ ስታልፍ ነፋሷ ብቻ ይሰማ ስለነበር ልጆቹ ያወጡላት ነው። ዛሬ የምክር ቤት አባል ናት፤ በደብዳቤ ላይ “የተከበሩ” ይሏታል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ያው ሽውታ ናት፣ ዳቦ ሻጩም “ሽውታ፣ ትኩስ ወጥቷል!” ብሎ ይጠራታል። ገመዴ ደግሞ ከጎኗ ሆኖ የሮጠው ሰው ነው። ዓይነ ስውር ሯጭ ብቻዋን አትሮጥም፤ ዓይን ያለው ሯጭ ከጎኗ ይሆናል፣ የሁለቱን እጅ አጭር ገመድ ያያይዘዋል፣ እሱም “ኩርባ! ቀጥታ! ሃያ ሜትር ቀረን!” እያለ ይመራታል። “ገመዴ” ብላ ስም ያወጣችለትም እሷው ናት። የዚህ ሩጫ ሕግ ታዲያ አንድ የማያወላዳ ነገር አለው፤ መሪው መንገዱን ሙሉ እንደ ፈለገ ይሁን፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ግን ከሯጯ ኋላ መሆን አለበት። በጣት ስፋት ከቀደማት ሁለቱም ይሰረዛሉ።

ቀደማት።

በትልቁ ውድድር፣ በአራት መቶ ሜትር ፍጻሜ ነው። ሦስተኛ ሆነው ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ገመዴ ከኋላ የምትመጣውን ሯጭ ትንፋሽ ሰማና ደነገጠ፣ ደረቱን ወደ ፊት ሰጠ። ሯጭ ነዋ! ሯጭ መስመር ሲያይ ደረቱን ይሰጣል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አሠልጣኝ ሲጮህበት የኖረው ይህንኑ ነው። በዚያች ቅጽበት መሪ መሆኑን ረሳው። የነሐሱ ሜዳሊያ አራተኛ ለወጣችው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የትኛዋም ሯጭ ገመዷን አላቀበለችውም፤ “ያሰረዘው” ሆነ ስሙ። ምን ይደረግ፣ ጎማ መለጠፍ ተማረ። ሽውታ ምክር ቤት ከገባች በኋላ ግን ስብሰባ ባለ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ ያደርሳታል። “ተው፣ ሥራህን ሥራ” ብትለው አይሰማም፤ የሆነ ነገር የሚከፍል ይመስላል።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምክር ቤቱ በአዲስ አዋጅ ላይ ሊመክር ነው። የአዋጁ አንቀጽ አሥራ አራት የአካል ጉዳተኞችን ስፖርት ከስፖርት ቢሮ አውጥቶ ለበጎ አድራጎት ቢሮ ይሰጣል። ላይ ላዩን ሲያዩት ደግ ነገር ነው፤ ስጦታው ይበዛል፣ ለጋሹ ይበዛል። ግን በጎ አድራጎት ቢሮ አሠልጣኝ የለውም፣ ሰዓት ያዥ የለውም፣ ዳኛም የለውም። ፎቶ አንሺ ግን አለው፣ ያውም ሁለት። ሽውታ በዚህ ላይ ልትናገር ሰባት ደቂቃ ተሰጥቷታል።

ጠዋት በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አራት የብሬል ወረቀት ዘርግታ በጣቷ ታነባለች። ታላቅ እህቷ ኮቷን ትተኩሳለች። እህቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ “ከመርፌዋ ምላሷ ይወጋል” ይሏት ነበር በሽተኞቹ።

“አራተኛዋን ወረቀት ልታነቢያት ነው?” አለች እህቷ ካውያውን እያሳረፈች።

“ካላነበብኳት ንግግሩ ነፍስ የለውም፣ እትዬ።”

“እሺ፣ አንብቢያት። ግን መጀመሪያ ለሱ ንገሪው! ከሰው እኩል በድምፅ ማጉያ ነው እንዴ የሚሰማው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ‘ነገ እነግረዋለሁ’ ስትዪ አንድም ቀን ነግቶልሽ አያውቅም።”

“ለሰው ተናግረሻል እንዴ አንቺ?”

“እኔ? ትንፍሽ ብዬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!”

“ኧረ ተይ! ለአንድ ቤት አንድ ግንባር ይበቃል። ጋዜጣውን ማን ሊያነብልኝ ነው?”

እህቷ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው። “በመኪናው ውስጥ ንገሪው” አለች፣ ኮቱን እያለበሰቻት። “ቃል ግቢልኝ።” ሽውታ ቃል ገባች።

ምስጢሩን እኔም ሳልደብቅ ልናገረው። ከዚያ ውድድር በኋላ ገመዴ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ እሷን ወደ ዳኞች ክፍል አስገቧት። አብረዋት የገቡት የበጎ አድራጎት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ የመጀመሪያውን የሩጫ ጫማዋን የገዙላት ሰው፣ ደግ ሰው። ዳኞቹን ለመኗቸው። “ጥፋቱ የሷ አይደለም። ምስኪን ናት፤ እዘኑላት” አሏቸው። ዳኞቹም አንጀታቸው ተላወሰ። ዋናው ዳኛ “እሺ፣ አላየንም ብለን እንለፈው” አለ። ወይ ጉድ! ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሊውል የቀረው አንድ “አመሰግናለሁ” ብቻ ነበር።

ሽውታ ግን ጠየቀች። “ዛሬ ጠዋት ዓይን ያላቸው ሯጮች የሰው መስመር ሲረግጡ ምን አደረጋችኋቸው?”

“ሰረዝናቸው።”

“እንግዲያው እኛንም ሰርዙን።”

ስትወጣ ገመዴ “ምን አሉ?” አላት። “ተሰርዘናል” አለችው። እግሯ ላይ ወድቆ “ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁብሽ” እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያኔ መናገር ነበረባት። “ሊሰጡን ነበር፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ” ማለት ነበረባት። እሷ ግን “ይሁን፣ ተነስ” አለችው። ሜዳሊያው የሱም ነበር፤ ሳትጠይቀው ነው የመለሰችው፤ ይህን ሲሰማ ይጠላኛል ብላ ፈራች። ፍርሃት ደግሞ እያደር ይወፍራል። አንድ ወር ዘገየች፣ አንድ ዓመት ዘገየች፣ ከዚያ በኋላማ እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

ገመዴ በሁለት ሰዓት ፒካፑን በር ላይ አቆመ። ውስጡ ጎማ ጎማ ይሸታል።

“የተከበሩ፣ ቀበቶ!” አላት።

“አስሬያለሁ። ገመዴ፣ አንድ ነገር ልነግርህ…”

“እኔ ልቅደምሽ። ዛሬ ስለ ስፖርት ነው አይደል የምትናገሪው? የፈለግሽውን ተናገሪ፣ ያቺን ቀን ግን እንዳታነሺብኝ። ሰፈሩ ሁሉ በሬዲዮ ይከታተልሻል። ልጄ ደርሳለች፤ አባቷን ጎሚስታ ብቻ አድርጋ ነው የምታውቀው። እንደዚያው ትወቀኝ።”

ሽውታ የጀመረችውን ተወችው። እስከ ምክር ቤቱ ድረስ ስለ አንድ የጭነት መኪና ጎማ አወራላት፤ አንድም ቃል አልሰማችም። ትልቁ በር ላይ ቆመ፣ ጀርባዋን ነካ አደረገ፣ አሳለፋት። ትከሻዋ መቃኑን ገጨው። “ይቅርታ” አለ እንደ ወትሮው። እሱ ወደ ታዳሚዎቹ ፎቅ ወጣ።

መጀመሪያ የተናገሩት እኚያው ሊቀ መንበር ናቸው። ዛሬ ሸምግለዋል፣ እሳቸውም የምክር ቤት አባል ናቸው፣ አንቀጽ አሥራ አራትን ያረቀቁት እሳቸው። “እነዚህ ልጆቻችን ፉክክር ሳይሆን እንክብካቤ ነው የሚሹት” አሉ በዚያ በሚያባባ ድምፃቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ክፋት የሌለበትን ሰው መቃወም እንዴት ያለ ጣጣ ነው!

ተራዋ ደረሰ። “የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የመጀመሪያ ጫማዬን የገዙልኝ እኚህ አባት ናቸው” ብላ ጀመረች። “ያጎረሳትን እጅ ነከሰች የሚለኝ ይኖራል። ይበለኝ።” ሦስቱን ወረቀት አነበበች። የሥልጠና ሰዓት፣ የሜዳ ፈቃድ፣ የዳኛ ምደባ። ሁሉም ልክ ነው፣ ሁሉም ደረቅ ነው። ከጎኗ አንዱ አባል ሲያዛጋ መንጋጋው ተንቀጫቀጨ። ጣቷ አራተኛዋ ወረቀት ላይ ሲደርስ ቆመ። ፎቁ ላይ ገመዴ አሳለ፤ ሳሉን ከሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች። ወረቀቷን አጥፋ ብትቀመጥ ማንም ምንም አይላትም። አንቀጹ ግን ያልፋል፤ ከዛሬ በኋላ የሚመጡት ልጆች ሁሉ እየታዘነላቸው ይሮጣሉ።

“የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ተሰርዣለሁ” አለች። “ዳኞቹ ግን በራሳቸው አልሰረዙኝም። አዝነውልኝ ሊያልፉኝ ነበር። ሰርዙኝ ያልኩት እኔ ነኝ።”

ያዛጋው ሰውዬ ቀና አለ።

“በማግስቱ ማኅበሩ ‘የጽናት ዋንጫ’ ብሎ ሸለመኝ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፣ ሰው አለቀሰ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። የተሰረዝኩ ለት ሯጭ ነበርኩ፤ ዋንጫውን ስቀበል ግን ምስኪን ነበርኩ። ስጦታችሁን አትንፈጉን፣ ስጦታ ደግ ነው። ግን አስቀድማችሁ ዳኛ ስጡን። ስናጠፋ የሚሰርዘን ዳኛ።”

ትንፋሽ ወሰደች። የቀረው ወረቀቱ ላይ የለም።

“በዚያ ውሳኔዬ የተጎዳ ሰው አለ። ሜዳሊያው የሱም ነበር፤ ሳልጠይቀው መለስኩበት። ሳልነግረው ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ብቻውን አሸከምኩት። ዛሬ ጠዋት እንዳታነሺብኝ ብሎኝ ነበር። እሱን መስማት አቃተኝ። ይቅር በለኝ።”

ፎቁ ላይ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሳል የለም።

ሽማግሌው ዕድል ጠይቀው ተነሱ። “ዳኞቹን የለመንኩት እኔ ነኝ” አሉ፣ “ክፉ አስቤ አልነበረም።” “አውቃለሁ፣ አባባ” አለቻቸው። ድምፅ ሲሰጥ ግን ለራሳቸው አንቀጽ እጃቸውን አወጡ፤ ሰው ያመነበትን በአንድ ጠዋት አይጥልም። አንቀጹ በዘጠኝ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። እንኳን ደስ ያለሽ የሚሏት እጇን ሲጨብጡ እሷ ጆሮዋ ደረጃው ላይ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የጎማ ሽታ አገኛት።

“ገመዴ?”

“አለሁ።”

ሰዎች በአጠገባቸው እያወሩ አለፉ።

“በሩ ላይ እኮ ነበርኩ” አለ ገመዴ በመጨረሻ። “ካልሲዬን እያወለቅኩ። ሁለት እርምጃ እንኳ አይሆንም። ብትጠሪኝ ምን ነበረበት?”

“ብጠይቅህ እንቀበል ትለኝ ነበር።”

“እንዴታ! በደንብ ነዋ የምቀበለው! ሞኝ ነኝ እንዴ?”

“ለዚያ ነው የፈራሁት።”

“እኔ እኮ ከእጅሽ የነጠቅኩሽ መስሎኝ… ሃያ ሁለት ዓመት! አንቺ ሴትዮ፣ አታዝኝልኝም?”

“አጥፍተህማ አጥፍተሃል፤ ደረትህን ሰጥተሃል” አለች ሽውታ፤ እንባዋ ይወርዳል። “ይህን አልክድህም። ግን የዚያን ቀን ጥፋት በዚያው ቀን አልቋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የኔ ነው።”

ገመዴ ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። ክንዱን ሰጣት። “ደረጃ። አራት ነው” አላት፣ ወረዱ። “የተከበሩ” የምትለዋ ቃል አልነበረችበትም፤ ሽውታ ልብ አለችው፣ ልቧም ተሰበረ።

ትልቁ በር ላይ ደረሱ። ቆመ። እሷም እንደ ልማዷ መዳፉን ጀርባዋ ላይ ጠበቀች፣ ትከሻዋን ለመቃኑ አዘጋጀች። መዳፉ አልመጣም።

“ዛሬ እኔ ልቅደም” አለ።

ቀደማት። ክንዱን እንደያዘች ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተከተለችው፤ ትከሻዋ መቃኑን ሳይነካ ወጣች።