ከቤት የማያስወጣው ፕሮሰሰር

እኔ አንድ ነገር ልወስን ከተነሳሁ ቤቱ ሁሉ ይታመሳል። ፕሮሰሰር የመረጥኩበት ሳምንትማ ጉድ ነበር! ቁጭ ብድግ፣ ደብተር ላይ መጻፍ፣ መሰረዝ፣ እዚሁ አምቦ ላለው የኮምፒውተር ነጋዴ መደወል፣ ዘግቼ እንደገና መደወል። ሰውዬው በመጨረሻ "አቤት" ማለቱን ትቶ "ደግሞ ምን አሰብሽ?" እያለ ነበር ስልኩን የሚያነሳው።

ያኔ የምሠራው የቤት ዲዛይን ነው። ፕላኑን ስጨርስ፣ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ሥዕል አውጥቼ ለደንበኛ አሳያለሁ፤ ሬንደር ማድረግ የምንለው ይሄ ነው። አሮጌው ኮምፒውተሬ አንዷን ሥዕል ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ያምጥ ነበር። ሸነን ከተማ ቤት የሚያሠራው ደንበኛዬ "ቤቱን ገንብቼ ብጨርሰው ይቀድምሻል" ብሎ ቀለደብኝ። እውነቱን ነው፣ ግን ደሜ ፈላ።

አዲሱን ኮምፒውተር ትምህርቱ ተቋርጦ ቤት ከተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ጋር ልንጋራው ነው። እኔ ሬንደር፣ እሱ ጌም። ነጋዴው ሁለት ፕሮሰሰር አቀረበልን፤ አንዱ ባለ ስምንት ኮር፣ ሌላው ባለ ስድስት። ኮር ማለት ውስጡ ያለ ሠራተኛ በሉት። ሬንደር እንደ ደቦ ነው፣ ሰው በበዛ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ለጌም ግን ጥቂት ሆነው ቢፈጥኑ ይሻላል፤ ባለ ስድስቱ ደግሞ ፈጣን ነበር።

"ስምንቱ!" እላለሁ።

"ስድስቱ! እሱም እኮ ሬንደር ያደርጋል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።"

"ኧረ ወዲያ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አልኩና ደውዬ ባለ ስምንቱን አዘዝኩ። ወንድሜም ተኮሳትሮ ወጣ።

እማዬ ስንጨቃጨቅ ስትሰማ ቆይታ ጓዳ ጠራችኝ። ፕሮሰሰር የሚበላ ይሁን የሚጠጣ አታውቅም።

"ወንድምሽን ከቤት የማያስወጣው የትኛው ነው?" አለችኝ።

ክው አልኩ። ያን ሰሞን መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ በድንጋይ ይዘጋል። የተቃውሞ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ወጣቱ ግር ብሎ ይወጣል፣ እናቶች በር በር ላይ ይቆማሉ። የጎረቤታችን ልጅ እንደወጣ አልተመለሰም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ኮር ስቆጥር ይሄ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም። አፈርኩ።

"ባለ ስድስቱ" አልኳት።

"በቃ፣ እሱን ግዢ።"

ደወልኩ። "ደግሞ ምን አሰብሽ?" ብሎ ሳቀ ነጋዴው። እኔ አልሳቅኩም።

እውነትም ወንድሜ ተቀመጠ። እኔ እስከ ምሳ እሠራለሁ፣ ከምሳ በኋላ እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋና የውጭው ጩኸት አይሰማውም። እማዬ ቆሎ አጠገቡ አስቀምጣ በእግሯ ጣት እየተራመደች ትመለሳለች። እኔ ግን አርፌ አልተቀመጥኩም፤ ሥዕሌ በዘገየ ቁጥር "ስምንቱ ቢሆን ኖሮ" እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከገበያው በኩል ጩኸት ተነሳ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ያን ሁሉ ሳሰላ መብራት የሚባለውን ነገር ረስቼው ነበር! ኮምፒውተሩ ጭልም አለ። ወንድሜ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ሰማ፣ ተነሳ።

"የት ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"መጣሁ" አለ፣ አንዱን ጫማ እያጠለቀ።

እማዬ አልጮኸችም። ሄዳ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሆዷ ሲባባ በኦሮምኛ ነው የምትጠራን።

"ኢልማ ኮ" አለችው፣ ልጄ ማለቷ ነው። "ያ ጨዋታህ የት ደርሶ ነበር?"

"እማዬ፣ አይገባሽም እኮ። እስቲ አሳልፊኝ።"

"ንገረኝ።"

ውጭ ሰዎች እየሮጡ አለፉ። እሱ ሁለተኛውን ጫማ በእጁ እንደያዘ መንገዱን አየ፣ እሷን አየ።

"አንድ ግንብ ውስጥ ገብቼ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ለመውጣት አሥራ ሁለት በር መክፈት አለብኝ።"

እማዬ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

"ሁሉንም በየተራ ንገረኝ" አለችው። "አንድም በር እንዳትዘልብኝ።"

አንድ እግሩን ብቻ ጫማ እንዳደረገ አጠገቧ ተቀመጠ።