አራቱ የውሰት ወንበሮች

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ዕድሜ ልኳን የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። እጇን ሳሙናው፣ ወገቧን የውሃው መንገድ ጨረሰው። ከቦኖው እስከ ቤታችን ሽቅብ ነው፤ በቀን ስድስት ጀሪካን ታወጣለች። መሐል ላይ ቆም ብላ፣ "ይሄ ዳገት ከኔ ጋር ምን ጠብ አለው?" ትል ነበር።

አንድ ዓመት ከውጭ ያለ የልማት ባንክ ለሰፈራችን ቧንቧ ገንዘብ ሰጠ ተባለ። ድሃ ለሆነ ግቢው ድረስ በነጻ ይገባለታል፤ ሌላው ከፍሎ ያስገባል። ድሃው ማን እንደሆነ ለመለየት ቤት ለቤት የሚጠይቁ ሰዎች ይመጣሉ።

እትዬ ግን የሰማችው "ሰዎች ይመጣሉ" የሚለውን ብቻ መሰለኝ። ቤታችን ያለን አንድ በርጩማ ነው። "እንግዳ መሬት ላይ ላስቀምጥ?" አለችና ጎረቤታችን አናጢው ጋ ሄደች። እሱ ደግሞ ቀልደኛ ነው፤ አራቱን ወንበሮቹንና ሬዲዮኑን ራሱ ተሸክሞ እያመጣ፣ "ሽማግሌ ነው እንዴ የሚላክብሽ?" አላት።

መዝጋቢዋ ትሁት ልጅ ነበረች። ሻይዋን ይዛ ቤቱን ቃኘች።

"እማማ፣ ወንበር አራት፣ ሬዲዮ አንድ። ልክ ነኝ?"

የእትዬን ቀሚስ ጎተት አደረግሁና፣ "የሰው ነው በያት" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዝም በይ። በውሰት ወንበር አስቀመጠችኝ ትበል?" ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ፣ "ልክ ነሽ የኔ ልጅ። ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ።"

ልጅቷ ጻፈች። ከእኛ ወጥታ የገባችው አናጢው ቤት ነው።

ዝርዝሩ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሲለጠፍ የእትዬ ስም የለም። የአናጢው አለ፤ ወንበርም ሬዲዮም የሌለው፣ መሬት ላይ ተቀምጦ የተገኘ።

"ሂጂና ንገሪያቸው እንጂ" አልኳት።

"ምን ብዬ? ዋሸሁ ብዬ?"

አናጢው አፍሮ ራሱ ሄደ። የተጻፈው ወደ ባንኩ ሄዷል፣ አይነካም አሉት። ተመልሶ፣ "እትዬ፣ ቧንቧው ያንቺ ነው፤ እኔ ጠባቂው ነኝ" አላት።

ባንኩ ምንም አልጠቀመም አልልም። ዳገቱ ቀርቶላታል። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው አናጢው በር ላይ ቆማ፣ "ልቅዳ?" ትላለች፤ ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ጀሪካኑን ከማንሳት የበለጠ ትደክማለች። እሱም ጀሪካኑ እስኪሞላ እንድታርፍ ወንበር ያወጣላታል፤ ከእነዚያ ከአራቱ አንዱን።

አንድም ቀን ተቀምጣበት አላየሁም።