በአስካለ ስም የላክኋቸው ፖስታዎች

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ልጆቹ የምላቸው እዚህ ላፍቶ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ ቴምብር የሚለዋወጡትን ነው። ጢም ያወጡም አሉባቸው፣ ለእኔ ግን ልጆች ናቸው። «እማማ ብርቄ፣ እርስዎ እኮ የዓለም ቅርስ የተባለውን ቦታ እየዞሩ ማኅተም ያስመቱ ሰው ነዎት፤ እንዴት እንደጀመሩ ይንገሩን» አሉ። እሺ አልኩ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር እነሱ ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር። ያኔ ከላፍቶ ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና የሰው ዕቃ አደርስ ነበር። መንገድ አይሰለቸኝም፤ አንድ ቦታ ሳምንት ከቆየሁ እግሬን ይበላኛል። ይህን ሰምተው ጋሽ ደምሴ አስጠሩኝ። ጋሽ ደምሴ ካርታ ሲያነሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸው ያለ ከዘራ ከወንበራቸው አይነሱም።

«ቴምብር ብቻውን ዕቃ ነው» አሉኝ። «ፖስታ ላይ ተለጥፎ፣ ሥዕሉ ያለበት አገር ሄዶ፣ እዚያው ማኅተም ሲመታበት ነው ሰነድ የሚሆነው።»

ሥራው ይኸው ነው። የጥያ ትክል ድንጋይ ያለበትን ቴምብር ለጥያ ቅርብ ወደሆነው ፖስታ ቤት፣ የላሊበላውን ላሊበላ፣ የጀጎሉን ሐረር ማድረስ። ፖስታው ወደ ላፍቶ፣ ወደ እሳቸው የፖስታ ሳጥን ተመልሶ ይመጣል። ውስጡ ደብዳቤ የለም። እንዳይታጠፍ አንድ ጠንካራ ካርቶን ብቻ አለበት።

ዕቃዬን አስረከቡኝ፤ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሳጥን ከነመያዣ ቦርሳው፣ ቀለም መምጠጫ ወረቀት፣ ወረንጦ። ከዚያ አሠራሩን አስጠኑኝ። ፖስታውን ጠርዙን እንጂ ፊቱን አትንኪ። ጸሐፊው ማኅተሙን በጨርቅ ይጥረገው፤ መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ይሞክረው። ሲመታ ቀጥ አድርጎ ይምታ፣ አይጎትት። ማኅተሙ ጥቂት ቴምብሩ ላይ፣ የቀረው ፖስታው ላይ ይረፍ። እስኪደርቅ መቶ ቁጠሪ። በአደራ ደብዳቤ ይላክ፤ ደረሰኙ ላይ አሻራሽን አድርገሽ ግማሹን አምጪልኝ።

በመጨረሻ ከወንበራቸው ጀርባ አንድ አመድማ ካፖርት አነሱና ሰጡኝ። «ይህን ለብሰሽ ሂጂ። ስትመለሺ ሳታጥቢ መልሺልኝ።»

ካፖርቱ ልኬ ነበር። ክርኑ ላይ የሌላ ሰው ክርን የሠራው ጉድጓድ አለ፤ የእኔ እዚያው ገባበት።

መጀመሪያ የሄድኩት ጥያ ነው። ከጀሞ ተነስቼ በዓለም ገና በኩል ወረድኩ። ድንጋዮቹ ሰይፍ ተቀርጾባቸው ሜዳው ላይ ቆመዋል። መቃብር ነው አሉኝ። ነፋስ ነበር፤ ካፖርቱን ቆለፍኩ። ከዚያ ቡታጅራ ዘልቄ ፖስታ ቤቱ ገባሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና ብድግ አለ።

«እግርዎ ተሻለዎት?»

«እግሬን ምን ሆኜ?»

ማኅተሙን ሳልነግረው ጠረገ፣ ሳልነግረው በቁራጭ ወረቀት ሞከረ። አሻራዬን ካደረግሁ በኋላ «በሰላም ይግቡ፣ እትዬ አስካለ» አለኝ። ሰው ተሳስቶ ነው ብዬ ወጣሁ።

ላፍቶ ገብቼ ካፖርቱን መለስኩ፤ ለቀጣዩ መንገድ እንደገና አለበሱኝ። ላሊበላ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ያንን አገር ረግጬው አላውቅም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ሳጥኔን ገና ሳልከፍት ወንበር ጎተተችልኝ። ሻይ አዘዘችልኝ። ቀመስኩት፤ ስኳር የለውም።

«እኔ እኮ ስኳር እወዳለሁ» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ድሮ ያለ ስኳር ነበር የሚጠጡት፣ እትዬ አስካለ።»

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም አልነበረም።

ከሁሉ የባሰው ሐረር ነው። መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ጸሐፊ ነበሩ። ፖስታውን በመስኮቱ አቀበልኳቸው፤ የተጻፈውን አነበቡ፣ እኔን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ። ማኅተሙ ከእጃቸው ወደቀ።

«ቢስሚላህ!» አሉ። «ሞተዋል ብለውን ነበር እኮ!»

«ማን?»

«እርስዎ ነዎታ!»

አንደኛውን ፖስታ አጣመው መቱት፤ ተበላሸ። ሁለተኛውን ቀጥ አድርገው መቱ። አውራ ጣቴን ቀለም ሊያስነኩ ሲይዙኝ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ይሞቃል» አሉ።

እኔም ፈራሁ። አውቶቡሱ ላይ እጄን በእጄ እየነካሁ መጣሁ።

ያኔ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከልጄ ከምሕረት ጋር ነው። ምሕረት ጌታን የተቀበለች፣ ጸሎተኛ ልጅ ናት። የሆነውን ነገርኳት። ፖስታ የሰው አደራ ነው፤ በእሷ ፊት ሳጥኔን ከፍቼ አላውቅም። ደረሰኙ ግን አሻራዬ ያለበት የእኔ ወረቀት ነው ብዬ ሰጠኋት።

አነበበች። እንደገና አነበበች።

«እማዬ፣ ተቀባይ አስካለ ይላል።»

«እሺ።»

«ላኪም አስካለ ይላል። ከሥሩ ያለው አሻራ ያንቺ ነው።»

የልጅ ልጆቼ ምንጣፉ ላይ ካርቱን ያያሉ።

«ባዶ ፖስታ ከመቃብር ድንጋይ አጠገብ! የሞተች ሴት ለራሷ ስትልክ! ይኼ ቴምብር መሰብሰብ ነው? በኢየሱስ ስም!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬ፣ እወድሻለሁ። ያንን ቦርሳና ያንን ካፖርት ይዘሽ ግን ልጆቼ ወዳሉበት አትገቢም። ወይ ሥራውን ተዪ፣ ወይ ሌላ ማደሪያ ፈልጊ።»

ሌላ ማደሪያ የለኝም። ሥራውን ደግሞ ወድጄዋለሁ። በዕድሜዬ ሁሉ የሰው ጎመንና ቅቤ ነው ያመላለስኩት፤ መድረሱ ብቻ ሳይሆን አደራረሱ የሚያምር ዕቃ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት ላፍቶ ሄጄ ካፖርቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ የማን ነው?»

«የባለቤቴ።»

«አስካለ እሳቸው ናቸው?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ በእሳቸው ስም አሻራዬን የሚያስደርጉኝ ለምንድን ነው?»

የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ግን አልተቆጡም። አልበሙን ሳቡና ገለጡልኝ። ከየአገሩ የመጣ ፖስታ ተደርድሯል። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጽሕፈት ነው፤ ማንበብ ባልችልም መልኩ አንድ እንደሆነ አየሁ።

«አዲስ ቴምብር በወጣ ቁጥር እሷ ትሄዳለች፣ እኔ እዚህ ሆኜ እቀበላለሁ። አንድ ስብስብ አንድ ስም ነው የሚይዘው፣ ብርቄ። መሃል ላይ ስሙ ከተለወጠ ሁለት ግማሽ እንጂ አንድ ሙሉ አይሆንም። ካንቺ በፊት ሁለት ሰዎች ጠይቄ ነበር። ስሙን አንብበው፣ የማን እንደሆነ ሰምተው ፖስታውን መለሱልኝ።»

«እኔ አላነብማ።»

«አዎ። አንቺን መንገር ነበረብኝ።»

«እሳቸውስ?»

«መሄድ አቆመች» አሉ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። አሜን አላሉም። ከዘራቸውን ያያሉ።

የቀረው ኮንሶ ብቻ ነበር። እሄዳለሁ አልኳቸው፣ ግን እንደ ራሴ። ላኪው ላይ ብርቄ ተብሎ ይጻፍ፣ ካፖርቱንም አልለብስም። ስሙን ብዙ አስበው እሺ አሉ። በካፖርቱ ግን ለመኑኝ፤ ትልቅ ሰው ሲለምን ደስ አይልም።

«አትልበሺው። በከረጢት ያዢውና ሂጂ። የዚያ አገር አቧራ ብቻ ይንካው።»

ይህን እንቢ ማለት አልቻልኩም። ኮንሶ ስደርስ እርከኑን የያዘ አንድ የድንጋይ ካብ ላይ ዘርግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ነበር፣ ነፋስ አልነበረም። እጅጌው ግን ትንሽ ተነሳና ተኛ። የሆነውን ነው የምናገረው።

የኮንሶ ከተማ ካራት፣ ፖስታ ቤቱ ገብቼ ገና መስኮቱ ጋ ሳልደርስ «እኔ አስካለ አይደለሁም!» አልኩ።

ጸሐፊው ወጣት ነው። «እኔስ መቼ ነዎት አልኩ፣ እናቴ?» ብሎ ሳቀ። የተሰለፉትም ሳቁብኝ። ማኅተሙን አስጠርጌ፣ በቁራጭ አስሞክሬ፣ ቀጥ አድርጌ አስመታሁት። መቶ ቆጠርኩ። ከበር ስወጣ «እትዬ ብርቄ!» ብሎ ሲጠራኝ ደነገጥኩ፤ በዚህ ሥራ በስሜ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ወረንጦዬን ረስቼ ነበር።

ላፍቶ ተመለስኩ። ጋሽ ደምሴ ካፖርቱን ተቀብለው አሸተቱት። ከዘራቸውን ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ሰማሁ። ሽማግሌ ብቻውን ሲያወራ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ወጣሁ።

ምሕረት የኮንሶውን ደረሰኝ አነበበች። «ላኪ ብርቄ» አለች፤ ቦርሳዬን ራሷ ተቀብላኝ አስገባችኝ። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሰብሳቢዎች ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በሰው ስም አሻራ አላደረግሁም። ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። ሥራ ስትቀበሉ በማን ስም እንደምትሠሩ መጀመሪያ ጠይቁ። ማንበብ ብትችሉም ጠይቁ።

ጋሽ ደምሴ ከሞቱ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ከለቡ መብራት ኃይል በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ የእህታቸውን ልጅ አገኘኋት። ስለ አልበሙ አወራንና «እትዬ አስካለን ሳላያቸው መቅረቴ» አልኩ።

«እንዴ፣ ቤት ውስጥ እኮ ነበሩ» አለችኝ። «በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጠኛው ክፍል ተኝተው ነበር። እግራቸውም አእምሯቸውም ደክሞ ነበር። እርስዎ ሲመጡ የበሩን ድምፅ ይሰሙና ‹ማን መጣ?› ይላሉ። ጋሼም ካፖርቱን ይዘው ይገቡና ‹አንቺ ነሽ፤ ከመንገድ ገባሽ› ይሏቸው ነበር።»