ኤድሬዳ በጸሎት ስም የተናገረችው

ኤድሬዳ ካባሌ ከተማ አጠገብ ባለው ሆስፒታላችን የቀዶ ሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚቀቀልበት ክፍል ኃላፊ ናት። እኔ ከጎኗ ልብስ አጣቢ ነኝ፤ የማላውቅባት ጉድ የለም።

ሥራውን ያስተማሯት አባባ ባኩንዚ ናቸው። ዕቃው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀቀላል፤ በጥቅሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት መስመሩ በእንፋሎቱ ካልጠቆረ ጀርሙ አልሞተም፤ ተመልሶ ይገባል። «በዓይንሽ ያላየሽውን አትስጪ» ይሏት ነበር። ዛሬ አርጅተው ከሥሯ ይሠራሉ። በክረምቱ ሁለት ጊዜ መስመሩ ነጭ የሆነ ጥቅል አሳለፉ። ሁለቱንም ኤድሬዳ በር ላይ ደረሰችባቸው። ሦስተኛው ቢያመልጣት አንዷን ወላድ ሊገድል ይችላል። ይህን እያወቀች መናገር አቃታት፤ እንደ አባቷ ናቸዋ!

እኛ የሆስፒታሉ አማኞች አርብ ጠዋት ተሰብስበን ኃጢአታችንን ወደ ብርሃን እናወጣለን። የራሳችንን እንጂ የሰው አይደለም። ኤድሬዳ ብድግ አለችና «ዓይናቸው መድከሙን ለደበቁ አንድ አባት ጸልዩልኝ» አለች። ስም አልጠራችም። ግን በዚያ ቤት ዓይኑ የደከመ አባት ስንት አለ? «አሜን» ብለን ሁላችንም ወደ ባኩንዚ ዞርን። እኔም ዞሬያለሁ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሐሜት ጸሎት መስሎ ሲመጣ ማን ይከለክለዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባኩንዚ ሰላምታ ነፈጓት። በእኛ አገር ይህ ከስድብ ይብሳል።

«ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

«ለእሳቸው የሚነገረውን ለእኛ ነገርሽ። አሁን ደግሞ ለእኔ! ለምን ወደ እሳቸው አትሄጂም?»

በምሳ ሰዓት አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ዘንድ ነበር።

«አባባ፣ ፊት ለፊት መናገር ፈርቼ በጸሎት ተሸሸግኩ። በሰው ፊት አዋረድኩዎት። አርብ እዚያው ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«የዓይኔስ ነገር? ውሸት ነበር?»

«አዎ» ብትላቸው ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እኔ ብሆን እላቸው ነበር።

«አይደለም፣ አባባ። ሁለት ጊዜ ነጩን አሳልፈዋል። ከነገ ጀምሮ መስመሩን የማየው እኔ ነኝ። ጨርቅ ማጠፍና ማሰር ላይ ግን የእርስዎን እጅ የሚያህል የለም፤ አይሂዱብኝ።»

 «ያባርሩኛል ብዬ ነው የደበቅኩት» አሉ ሽማግሌው።

አርብ ኤድሬዳ እንዳለችው ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ባኩንዚ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ተናደድኩባቸው፤ ሰው እንዴት እንዲህ ይደርቃል?

ከሰዓት በኋላ ግን ትኩስ ጥቅል ታቅፈው በሯ ላይ ቆሙ።

«እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ?»

 ጥቅሉን አቀበሏት።

«እስቲ መስመሩን እዪልኝ። ያላየሁትን አልሰጥም።»